የቀድሞው ሞዴል ወይስ አዲሱ? ስለ ረዥም መንገድ ሞተር ብስክሌት አመራረጥ ለነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

በንግድ ሥራ ላይ ዘወትር ከሚያጋጥሙት ጥያቄዎች አንዱ፣ ፋብሪካ የቀድሞውን ዕቃ አሻሽሎ አዲስ ሞዴል ባወጣ ጊዜ ነጋዴው ገንዘቡን በየትኛው ላይ ቢያውል ይሻለዋል የሚለው ነው። የቀድሞው ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ጠባዩም የታወቀ ነው፤ አዲሱ ደግሞ የገዢን ዓይን የሚስብና ብዙ መሻሻል የተደረገበት ነው። ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ «አዲስ ከሆነ ይሻላል» ወይም «ርካሽ ከሆነ ይበቃል» በሚል አጭር መልስ ያልፈዋል። ሁለቱም መልሶች ግን ነጋዴውን ለኪሳራ፣ ዕቃው ተሽከርካሪ በሆነ ጊዜም ገዢውን ለሕይወት አደጋ ሊያጋልጡ ይችላሉ።

ነገሩን በጥቅል ከመናገር ይልቅ በአንድ የታወቀ ምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። ምሳሌያችንም ሆንዳ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ ለረዥም ጉዞ የሠራቸው ሁለት ሞተር ብስክሌቶች ናቸው። የመጀመሪያው ኤስ ቲ 1100፣ ሁለተኛውና ተተኪው ኤስ ቲ 1300 ይባላሉ፤ በአውሮፓ ገበያ ሁለቱም «ፓን ዩሮፒያን» በሚል ስም ተሸጠዋል። የዚህ ዓይነቱ ሞተር ብስክሌት በውጭ አገር ቋንቋ «ስፖርት ቱሪንግ» ይባላል፤ ይኸውም ፈጥኖ መሄድ የሚችል ሆኖ፣ ነጂውና አብሮት የሚቀመጠው ሰው ሻንጣቸውን ጭነው ቀኑን ሙሉ ሳይደክሙ እንዲጓዙበት የተሠራ ማለት ነው። ዛሬ ሁለቱም ከፋብሪካ አይወጡም። ስለዚህ የሚገዙትም የሚሸጡትም ያገለገሉ ሆነው ነው።

በአገራችን መንገድ ላይ ይህ ዓይነት ሞተር ብስክሌት በብዛት የሚታይ አይደለም። ይሁን እንጂ በአውሮፓና በአሜሪካ እየኖሩ ያገለገለ ተሽከርካሪ ገዝተው የሚሸጡ ወገኖቻችን ሊያገኙት ይችላሉ። ከዚህም በላይ በሁለቱ ላይ የሚሠራው የአመራረጥ ሥርዓት፣ በጭነት መኪናም፣ በጄኔሬተርም፣ በስፌት መኪናም ላይ የሚሠራ ነው። ጸሐፊው በአንድ ነጋዴ ቤት የደብዳቤና የመዝገብ ሥራ የሚሠራ እንጂ መካኒክ አይደለም፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሚታየው በተለይ ከገንዘብና ከመዝገብ አንጻር ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሁለቱ ሞዴሎች አሠራር

ኤስ ቲ 1100 በአውሮፓ ገበያ ላይ የዋለው በ1990 ሲሆን፣ እስከ 2002 ድረስ ሲሠራ ቆይቷል። የሞተሩ ይዘት 1084 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ አራቱ ፒስቶኖች ሁለት ሁለት ሆነው በ«ቪ» ቅርጽ የቆሙ ናቸው። ጉልበቱ 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚደባልቁለት አራት ካርቡራቶሮች ናቸው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው፤ ማርሹ ባለ 5 ነው፤ የኋላው ጎማ የሚዞረው በካቴና ሳይሆን በዘንግ ነው። የነዳጅ ማጠራቀሚያው ከመቀመጫው ሥር ዝቅ ብሎ የተሠራና 28 ሊትር የሚይዝ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ ተሞልቶ እጅግ ረዥም መንገድ ይሄዳል። ሻንሲው የብረት ነው።

ኤስ ቲ 1300 በ2002 በአውሮፓ ለገበያ ቀረበ፤ በአሜሪካ የተሸጠው የ2003 ሞዴል ተብሎ ነው። የሞተሩ ይዘት ወደ 1261 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፤ ጉልበቱም ወደ 120 የፈረስ ጉልበት የሚጠጋ ሆኗል። ካርቡራቶር ቀርቶ ነዳጁ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እየተመጠነ የሚረጭ ሆነ። ሻንሲው የአሉሚኒየም ሆነ። የነዳጁ ይዘት 29 ሊትር ሲሆን ከላይና ከታች በሁለት ማጠራቀሚያ የተከፈለ ነው። የንፋስ መከላከያው መስተዋት በኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የነጂው መቀመጫም በ3 ከፍታ ይስተካከላል። ማርሹ ግን እንደ ቀድሞው ባለ 5 ነው፤ የኋላው ጎማም የሚዞረው በዘንግ ነው። ነዳጅ ተሞልተው ሲመዘኑ ሁለቱም ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚሆኑ፣ አዲሱ ከቀድሞው ይቀላል ብሎ የሚገዛ ሰው ተስፋው ባዶ ይሆናል።

አዲሱ የሚበልጥበት ነገር

አዲሱ ከቀድሞው የሚበልጥባቸው ነገሮች እውነተኞች ናቸው፤ ለሽያጭ ማማለያ ብቻ የተጨመሩ አይደሉም።

በመጀመሪያ የነዳጁ አሠራር ነው። ካርቡራቶር ከፋብሪካ ሲወጣ የሚስተካከለው በባሕር ጠለል አካባቢ ላለው አየር ነው። እንደ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አገር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ያው ካርቡራቶር ለጥቂት አየር ብዙ ቤንዚን ይሰጣል፤ በዚህም ምክንያት ካንዴላው ይጠቁራል፣ ነዳጅ ያለ ጥቅም ይባክናል። በኤሌክትሮኒክ የሚመጠነው ግን የአየሩን ግፊት በመለኪያ እያወቀ የነዳጁን መጠን ራሱ ይቀንሳል። ከፍታ ያለበት አገር ሁለቱንም ጉልበት ይቀንስባቸዋል፤ ነገር ግን ሳይስተካከል እንደ ልቡ የሚሠራው አዲሱ ነው። እንዲሁም ለብዙ ወራት ሳይነሣ የቆመ ካርቡራቶር ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደ ሙጫ እየሆነ ቀጭን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ አራቱን አውጥቶ ማጽዳት ደግሞ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል።

ሁለተኛው የሞተሩ የውስጥ ክፍል ነው። በኤስ ቲ 1100 ቫልቮቹን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ዘንጎች የሚዞሩት በላስቲክ ቺንጊያ ነው። በኤስ ቲ 1300 በካቴና ነው። ቺንጊያ ድምፅ የለውም፣ ብዙም ያገለግላል፤ ይሁን እንጂ ከጊዜ ብዛት ያረጃል፤ ቢበጠስ ደግሞ ሞተሩን እስከ ማበላሸት ይደርሳል። ስለዚህ ቺንጊያው የተቀየረበት ቀን ያልታወቀ ኤስ ቲ 1100 የሚገዛ ሰው የቺንጊያውንም ዋጋ አብሮ እንደ ከፈለ ይቍጠረው።

ሦስተኛው የፍሬኑ ነገር ነው። በኤስ ቲ 1300 የእጁና የእግሩ ፍሬን የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱ ሲያዝ የፊቱም የኋላውም ጎማ በመጠኑ ይያዛል። ጎማው በፍሬን ጊዜ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው «ኤ ቢ ኤስ» የተባለው መሣሪያም በብዙዎቹ ላይ ይገኛል፤ በሁሉም ላይ ግን አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በዝናብ መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው ይህ መሣሪያ ሕይወት የሚያድን ነው።

የቀድሞው የሚበልጥበት ነገር

የቀድሞው ሞዴል ብልጫ በሦስት ቃል ሊጠቃለል ይችላል፤ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ አሠራሩ የቀለለ፣ ጉድለቱም አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው ስንል፣ በውስጡ ያሉት የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ጥቂት በመሆናቸው፣ ልምድ ያለው መካኒክ ልዩ የመመርመሪያ መሣሪያ ሳይኖረው ሊጠግነው ይችላል ማለታችን ነው። በሩቅ አገር ላለ ገዢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአንድ ኤሌክትሮኒክ መለኪያ መበላሸት አዲሱን ሞተር ብስክሌት ዕቃው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ድረስ ሊያስቆመው ይችላል፤ የካርቡራቶር ጉድለት ግን ብዙውን ጊዜ በጋራዥ ውስጥ በመፍቻና በትዕግሥት ይድናል።

ጉድለቱ የታወቀ ነው ስንል ደግሞ፣ ከሰላሳ ዓመት በላይ በሰው እጅ ስለ ቆየ፣ የት የት እንደሚታመም ባለሙያዎች ሁሉ ያውቁታል ማለት ነው። በመጀመሪያ ዘመን ከተሠሩት መካከል ብዙዎቹ፣ በተለይ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው በሚበተንበት በሰሜን አውሮፓ የቆዩት፣ የኋላውን ጎማ የሚይዘው የብረት ክንድ በዝገት ይበላባቸዋል። ከካርቡራቶሮቹ ሥር የተሸሸጉት የውሃ ቱቦዎች በጊዜ ብዛት ይደርቃሉ፤ ቱቦው ራሱ ርካሽ ሲሆን እሱን ለመድረስ የሚፈጀው የእጅ ሥራ ግን ውድ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚያውቅ ገዢ የት ማየት እንዳለበት ያውቃልና አይታለልም።

አዲሱም ቢሆን ያለ ጉድለት አልወጣም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተሸጡት ኤስ ቲ 1300ዎች ብዙ ነጂዎች የሞተሩ ሙቀት እግራቸውንና ጭናቸውን እንደሚያስቸግራቸው ገልጸዋል። ከዚህ የከበደውም በእንግሊዝ አገር የተነሣው ጉዳይ ነው። የትራፊክ ፖሊሶች የሥራ ዕቃቸውን ጭነው በከፍተኛ ፍጥነት ሲነዱት ሞተር ብስክሌቱ ይወዛወዛል የሚል ስጋት ስለ ተነሣ፣ በ2007 በርካታ የፖሊስ ክፍሎች ከዚህ ሥራ አግልለውታል። ይህ ማለት በተለመደው ፍጥነት የሚነዳው ሰው ሁሉ አደጋ ላይ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ትልቅ ሣጥን ከኋላ ጭኖ በአውራ ጎዳና ላይ እጅግ ለሚፈጥን ነጂ ሊነገረው የሚገባ ነገር ነው። ሻጭ ይህን እያወቀ ቢደብቅ፣ የንግድ ቤቱን ስም በአንድ ቀን ያጠፋል።

በአንድ ሞዴል ውስጥም መጀመሪያና መጨረሻ አለ

ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት፣ የአንድ ሞዴል ስም ለአሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሲቆይ ዕቃው በየጊዜው እየተሻሻለ መሄዱን ነው። ኤስ ቲ 1100 ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ1992 ኤ ቢ ኤስና የኋላው ጎማ በሚያንሸራትት መንገድ ላይ በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚከላከል መሣሪያ ያለው ዓይነት ተጨመረ። በ1996 ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ከ28 አምፔር ወደ 40 አምፔር አደገ፤ ኤ ቢ ኤስ ባለው ዓይነት ላይም የተሳሰረ ፍሬን ገባ። ስለዚህ የ1991 እና የ2000 ኤስ ቲ 1100 በስም አንድ ቢሆኑም በዋጋ አንድ ሊሆኑ አይገባቸውም። ተጨማሪ መብራት፣ የሚሞቅ ልብስ ወይም ሌላ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሊያያይዝ ለሚፈልግ ገዢ፣ ከ1996 በፊት የተሠራው ዲናሞ ያንሰዋል።

ከዚህ አንድ የሚጠቅም መመሪያ ይገኛል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ሆኖ በአንድ በኩል የቀድሞው ሞዴል የመጨረሻ ዓመታት፣ በሌላ በኩል የአዲሱ ሞዴል የመጀመሪያ ዓመታት ቢቀርቡ፣ የሚበዛውን ጊዜ የሚሻለው የቀድሞው የመጨረሻ ነው። ምክንያቱም በመጀመሪያው ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉድለቱ ሲታረም ቆይቷል፤ በሁለተኛው ላይ ግን እርማቱ ገና መጀመሩ ነው። አዲሱን የሚፈልግ ሰው ጥቂት ጨምሮ ዘግየት ብለው ከተሠሩት ቢገዛ ገንዘቡ በከንቱ አይወጣም።

ዓመቱን ለማወቅ በሻጭ ቃል ብቻ መተማመን አያስፈልግም። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ በሻንሲው የተቀረጸው መለያ ቁጥር 17 ፊደሎችና አሃዞች ያሉት ሲሆን፣ ዐሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል። በዚህ ቦታ «ኤል» የተባለው የላቲን ፊደል ቢገኝ 1990፣ «ቲ» ቢገኝ 1996 ማለት ነው፤ አሃዝ 2 ቢሆን 2002፣ አሃዝ 3 ቢሆን 2003 ነው። በሽያጭ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዓመት ከዚህ ቢለይ ሻጩ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠየቅ። በመጋዘን ቆይቶ ዘግይቶ የተሸጠ ዕቃ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ገዢው የሚከፍለው ለተሠራበት ዓመት እንጂ ለተሸጠበት ዓመት አይደለም።

የሒሳቡ ነገር

አሁን ነገሩን በመዝገብ ላይ አስቀምጠን እንመልከተው። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

የአገልግሎት መዝገብ የሌለው የቀድሞው ሞዴል በ100 ተገዛ እንበል። ጎማ፣ ባትሪ፣ ቺንጊያ፣ የውሃ ቱቦ፣ የፍሬን ዘይትና የካርቡራቶር ጽዳት ተደምረው 60 ይፈጃሉ። ዕቃው እስኪመጣ በጋራዥ የሚቆምበትና ገንዘቡ ታስሮ የሚቆይበት ጊዜ 15 ቢቈጠር፣ ጠቅላላ ወጪው 175 ይሆናል። ገበያው ለቀድሞው ሞዴል የሚከፍለው ግን ከ150 ባይበልጥ፣ ነጋዴው በርካሽ በገዛው ዕቃ 25 ከሰረ ማለት ነው።

ያው ሞዴል የተሟላ መዝገብ ኖሮት፣ ሻጩም ስለ መዝገቡ 20 ጨምሮ በ120 ሸጠው እንበል። ቀሪው ሥራ 15 ብቻ ይሆናል፤ ጠቅላላው 135 ነው። በዚያው በ150 ቢሸጥ 15 ይተርፋል። ለመዝገቡ የተጨመረው 20፣ የ40 ወጪ አዳነ ማለት ነው።

አዲሱ ሞዴል መዝገብ ያለው በ190 ተገዝቶ፣ 10 ወጥቶበት፣ በ225 ቢሸጥ ትርፉ 25 ይሆናል። በመጠኑ ከ15 ይበልጣል፤ ነገር ግን ካወጣው ገንዘብ ጋር ሲተያይ የመጀመሪያው በመቶ 11 ገደማ፣ የሁለተኛው በመቶ 12 ተኩል ነው። ልዩነቱ ጥቂት ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ትርፍና ኪሳራን የለየው ሞዴሉ ሳይሆን መዝገቡ መሆኑን ነው። በሞዴሎቹ መካከል ያለው ልዩነት በመቶ 1 ከግማሽ ገደማ ሲሆን፣ በአንዱ ሞዴል ውስጥ መዝገብ ባለውና በሌለው መካከል ያለው ልዩነት ግን የትርፍና የኪሳራ ልዩነት ነው።

ለባለ ሱቆች ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ማጣሪያ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላና ጎማ የመሳሰሉት ቶሎ ቶሎ የሚያልቁ ዕቃዎች ሞዴሉ ከቀረ በኋላም ለብዙ ዓመት ይገኛሉ፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም ይሠሯቸዋልና። ቶሎ የሚጠፉት የዚያ ሞዴል ብቻ የሆኑት፣ ማለት የአካሉ የፕላስቲክ ሽፋን፣ የመብራቱ መስተዋትና የኤ ቢ ኤሱ መቈጣጠሪያ ናቸው። ስለዚህ አካሉ የተሰበረ ነገር ግን ሞተሩ ደኅና የሆነ ተሽከርካሪ በርካሽ ሲቀርብ፣ የሚያስፈልገው ሽፋን በእርግጥ መገኘቱ ሳይረጋገጥ አይገዛ።

ገንዘብ ከመላክ በፊት በጽሑፍ የሚጠየቁ ነገሮች

ሻጭና ገዢ በሩቅ ሆነው ሲዋዋሉ ዓይን የሚሆነው ደብዳቤ ነው። በቃል የተነገረ ነገር ጸብ በተነሣ ጊዜ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ገዢው የሚከተሉትን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መልሱንም ከነቀኑ በፋይል ያኑር።

1ኛ፤ የሻንሲውና የሞተሩ መለያ ቁጥር በግልጽ የሚነበብበት ፎቶግራፍ።

2ኛ፤ በሁለቱ ጎማዎች ጎን ላይ የተጻፉት የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ፤ ለምሳሌ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ቢሆንም በዕድሜ የደረቀ ከሆነ በእርጥብ መንገድ ላይ አይጨብጥም።

3ኛ፤ የአገልግሎት መዝገቡ ሙሉ ግልባጭ። የቫልቭ ልክ የታየበት፣ የራዲያተሩ ውሃና የፍሬኑ ዘይት የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር፤ ኤስ ቲ 1100 ከሆነ ቺንጊያው የተቀየረበትም ይጨመር።

4ኛ፤ ፍሬኑ ተይዞ ከተለቀቀ በኋላ፣ ሞተር ብስክሌቱ በማቆሚያው ላይ ሆኖ የኋላው ጎማ በእጅ ሲዞር የሚያሳይ ቪዲዮ። የተሳሰረ ፍሬን ያላቸው በዕድሜ ብዛት ሳይለቅቁ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ፍሬኑ እንደ ተያዘ የሚሄድ ጎማ ይግላል፣ በመጨረሻም በመንገድ ላይ ሊቆለፍ ይችላል። ይህ ምርመራ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን የሰው ሕይወት የሚያድን ነው።

5ኛ፤ ሞተሩ በጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሣ የሚያሳይ ቪዲዮ። የሞቀ ሞተር ብዙ ጉድለት ይሸፍናልና።

6ኛ፤ የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንድ ከሥርና ከጎን የተነሣ ፎቶግራፍ፤ በተለይ ከቀዝቃዛ አገር ለሚመጣው።

7ኛ፤ የኋላው ጎማ ለመጨረሻ ጊዜ በወለቀ ጊዜ ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ጥርስ ግራሶ ተቀብቶ እንደ ሆነ። በዘንግ የሚሠራ ሞተር ብስክሌት ካቴና የመቀየር ወጪ ያድናል፤ ነገር ግን ይህ ጥርስ ደርቆ ከተበላ ጥገናው ውድ ነው።

8ኛ፤ የባለቤትነት ወረቀት፣ ከዕዳ ነጻ የመሆኑ ማስረጃ፣ እንዲሁም ቀድሞ በፖሊስ ወይም በመልእክት አመላላሽ ድርጅት አገልግሎ እንደ ሆነ የሚገልጽ ቃል። በድርጅት ያገለገለ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ አንዳንዱ ኪሎ ሜትሩ ቢበዛም ጥገናው በደንብ የተመዘገበ ስለሆነ፣ አምስት ዓመት በአንድ ሰው ቤት ካለ ሥራ ከቆመው ይሻላል።

ሻጩ ከእነዚህ ለሁለቱ ወይም ለሦስቱ መልስ ባይኖረው ዋጋው በዚያ ልክ ይቀነስ። ለአንዱም መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ ባይሆን ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መተው ይሻላል፤ አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ገበያ ይስማማል።

ወደ አገር ለማስገባት ለሚያስቡ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ የሚጠቅመው ዕቃውን ለማስገባት ሕጉ የሚፈቅድ ሲሆን ነው። በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ስለዚህ ማንኛውንም በነዳጅ የሚሠራ ተሽከርካሪ፣ ሞተር ብስክሌትም ቢሆን፣ ለማዘዝ የሚያስብ አስመጪ፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የዕቃውን ዓይነት፣ የሞተሩን ይዘትና የተሠራበትን ዓመት ጠቅሶ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። በጓደኛ ወሬ ተመርኩዞ ዕቃ ወደብ ላይ ያደረሰ ነጋዴ፣ ዕቃው በቆመበት ቀን ሁሉ ኪራይ ይቈጠርበታል።

የትኛው ለማን ይስማማል?

እስካሁን ያልነውን ብንሰበስበው፣ ፍርዱ እንደ ገዢው ሁኔታ የሚለያይ ሆኖ እናገኘዋለን።

በደጋ አገር የሚነዳ፣ በዝናብም በፀሐይም የሚሠራ፣ አጠገቡም የኤሌክትሮኒክ መመርመሪያ ያለው ጋራዥ የሚያገኝ ገዢ፣ ኤ ቢ ኤስ ያለውንና ዘግየት ብሎ የተሠራውን ኤስ ቲ 1300 ቢመርጥ ይጠቀማል። ትልቅ ጭነት ጭኖ በአውራ ጎዳና ላይ ከልክ በላይ መፍጠን እንደማይገባው ግን ሻጩ ይንገረው።

ከትልቅ ከተማ ርቆ የሚኖር፣ ጥገናውን በራሱ ወይም በሚያምነው መካኒክ የሚያሠራ፣ ገንዘቡም መጠነኛ የሆነ ገዢ፣ ከ1996 ወዲህ የተሠራ፣ ቺንጊያውና ቱቦው የታደሰ፣ ዝገት የሌለበት ኤስ ቲ 1100 ቢገዛ፣ ከአዲሱ ባልተናነሰ ሁኔታ ለብዙ ዓመት ያገለግለዋል።

ሊገዙ የማይገባቸው ደግሞ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በርካሽነቱ ብቻ የሚቀርብ መዝገብ የሌለው የቀድሞው፣ እንዲሁም በአዲስነቱ ብቻ የሚቀርብ ታሪኩ ያልታወቀ አዲሱ።

እንግዲህ የሞዴሉ ስም የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በየትኛው በኩል ጉድለት ልንፈልግ እንደሚገባን ነው። በፊታችን የቆመው ዕቃ ደኅና መሆን አለመሆኑን የሚነግረን ግን የራሱ መዝገብ ነው። ነጋዴው ሞዴሉን እንደ ደንበኛው ሥራ ይምረጥ፤ ዕቃውን እንደ መዝገቡ ይግዛ፤ ሲሸጥም ያንኑ መዝገብ ሳያጐድል ለገዢው ያስረክብ። መዝገብ ጠብቆ የሚሸጥ ነጋዴ ዛሬ ጥቂት ከፍ ያለ ዋጋ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ደንበኛው ነገ ተመልሶ የሚመጣው ለክስ ሳይሆን ሌላ ዕቃ ለመግዛት ነው።